የቆየ ቆሻሻ መጣያ ስታጸዱ ሰው እንዳይጎዳባችሁ፦ የአሠራር መመሪያ

«ጓንትና ማስክ ገዝተናል፤ ነገ ጠዋት ብንጀምር ምን ችግር አለው?»

የቆየ መጣያ የማጽዳት ሥራ የያዙ የማኅበር ሰብሳቢዎችና ካቦዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ቦታ ጽፌው ልረፍ። አጭሩ መልስ፦ ነገ አትጀምሩ። ጓንትና ማስክ ያስፈልጋሉ፤ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸው። የቆየ መጣያ ላይ ሰው የሚገድለው ጋዙ፣ ተዳፋቱና ማሽኑ ነው። ሦስቱንም ጓንት አያቆማቸውም።

መመሪያው የሚሆነው ለአነስተኛ ሥራ ነው፦ በወንዝ ዳር፣ በሰፈር ጀርባ ወይም በግንባታ ቦታ ላይ ለዓመታት ቆሻሻ ሲደፋበት ለኖረ መሬት። ክምሩ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ከሆነ፣ ከግርጌው የሰው ቤት ካለ፣ ወይም የፋብሪካና የሆስፒታል ቆሻሻ በብዛት ይጣልበት ከነበረ ግን ይህ ጽሑፍ አይበቃችሁም። መሬቱን የሚያጠና መሐንዲስ ሳያየው ዶማ አታንሱ።

ከጅምሩ አንድ ነገር ያዙልኝ። መጣያው ተዘግቷል ማለት በውስጡ ያለው ነገር ተኝቷል ማለት አይደለም። አፈር የለበሰ የምግብ ትርፍራፊ፣ ወረቀትና ቅጠል አየር ሳያገኝ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ለአሥርት ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ላዩ ሣር አብቅሎ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ሆኖ እንኳ ከሥሩ ጋዝ ሊኖር ይችላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ባለ አራት ጋዝ መለኪያ። ኦክስጅንን፣ ተቀጣጣይ ጋዝን፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድንና ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። መግዛት ከከበዳችሁ ተከራዩ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ቢኖራችሁ ይህን ግዙ።
- ሴፍቲ ጫማ። ጣቱ ብረት ስለሆነ ብቻ አትግዙት። ሶሉ ውስጥ ምስማር የማያሳልፍ ንጣፍ እንዳለው ጠይቁ። መጣያ ላይ አደጋው በብዛት ከሥር ነው የሚመጣው።
- ሁለት ዓይነት ጓንት፦ ከውስጥ የሚለበስ ቀጭን የላስቲክ ጓንት፣ ከላዩ መቆረጥን የሚቋቋም ወፍራም ጓንት።
- ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ማስክ። አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) ከተጠረጠረ ኤፍኤፍፒ3።
- ሄልሜት፣ ከጎን የተሸፈነ መነጽር፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ቱታ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ።
- ረጅም እጀታ ያለው መቆንጠጫ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ የእጅ ጋሪ።
- የመርፌ ማጠራቀሚያ ሴፍቲ ቦክስ። ካጣችሁ ወፍራም ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከነክዳኑ። የሀይላንድ ጠርሙስ አይሆንም፤ መርፌ ይበሳዋል።
- ችካል፣ ሪባን፣ ሜትር፣ ስፕሬይ ቀለም፣ ፊሽካ፣ ደብተር።
- መሰላል፣ ሰውነት ላይ የሚታሰር የደኅንነት ቀበቶና ጠንካራ ገመድ።
- ቧንቧ ያለው የውኃ በርሜል፣ ሳሙና፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን።
- የእሳት ማጥፊያ፣ እንዲሁም አንድ ሲኖትራክ ንጹሕ አፈር። አፈሩ ለምን እንደሆነ ደረጃ 11 ላይ ታገኙታላችሁ።

«ይህን ሁሉ ማን ይገዛል?» ለሚል፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ስለዚህ ዋጋ ስታቀርቡ ከመጀመሪያው አስገቡት። ውል ከተፈረመ በኋላ ማንም አይጨምርላችሁም።

1. ቦታውን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቁ

ማሽን ከመምጣቱ በፊት የሰፈሩን አረጋውያን፣ ጥበቃውን፣ ቁራሌዎችን፣ ከመጣያው ላይ ዕቃ ለቅመው የሚያድሩትን አነጋግሩ። ምን ይጣልበት ነበር? ጤና ጣቢያ፣ ጋራዥ፣ ቆዳ ፋብሪካ ወይም የፀረ ተባይ መጋዘን አጠገቡ ነበር? ከየት በኩል ጭስ ይወጣል? በክረምት ውኃ የሚተኛው የት ነው?

ለቃሚዎቹን በተለይ አክብራችሁ ጠይቁ። የትኛው ጥግ መርፌ እንዳለው፣ የትኛው ቦታ እግር እንደሚውጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ መረጃ ለቁፋሮ ቅደም ተከተላችሁ ይጠቅማል፤ መርፌ ያለበት ጥግ በእጅ አይነካም፣ ለማሽን ይቀራል።

2. በእግር ዙሩት፤ ስንጥቅ ፈልጉ

ሁለት ሆናችሁ ዙሩ። ከላይ ጫፍ ላይ ረዥም ስንጥቅ አለ? ከግርጌው መሬቱ ሆዱን ወደ ውጭ ነፍቷል? ጥቁር ፈሳሽ ይንጠባጠባል? ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ዘሟል? ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ክምሩ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ሊናገር ይችላል።

ስንጥቅ ካገኛችሁ በግራና በቀኙ አንድ አንድ ችካል ምቱ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። በየጠዋቱ ድገሙት። ርቀቱ በጣት ውፍረት እንኳ ቢሰፋ፣ ከላይም ከግርጌም ሰው አስወጡ። በዓይን ግምት አትመኑ፤ ሁልጊዜ የምናየው ስንጥቅ መስፋቱን ዓይናችን አይነግረንም።

«ክረምቱ ስላለፈ አይደረመስም» የሚሉ አሉ። የአዲስ አበባው መጣያ ቆሼ የተደረመሰው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። መጋቢት ክረምት አይደለም። በሌላ በኩል በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ካምፓላ ውስጥ ኪቴዚ የሚባለው መጣያ የተደረመሰው ከከባድ ዝናብ በኋላ ነው። ዝናብ ክምሩን ያከብደዋል፣ ውስጡንም ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ከከባድ ዝናብ ማግስት ሥራ የለም፤ ዝናብ ባይኖርም ችካሉ ይለካል።

3. ክትባቱን አስቀድሙ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ወደ መጨረሻ ይገፋዋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፦ መጀመሪያ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው 6 ወር በኋላ። ሥራው ዛሬ ከታወቀ የመጀመሪያውን ዛሬውኑ አስጀምሩ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም መታደሱን አረጋግጡ፤ የዛገ ምስማርና አፈር አንድ ላይ ያለበት ሥራ ነው። ነፍሰ ጡሮችንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ክምሩ ላይ አታሰማሩ። አስም ያለበትን ሰው ወደ መታጠቢያው ወይም ወደ መዝገብ ሥራ አዛውሩት።

4. አየሩን ለኩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ከመጣያ የሚወጣው ጋዝ በዋናነት ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱም ቀለምም ሽታም የላቸውም። የሚሸተን ሌላው ነው፤ በትንሽ መጠን የሚገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ክፋቱ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ማደንዘዙ ነው። ከአየሩ አንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ 100 ክፍል ያህል ሲደርስ ሽታው ይጠፋል፤ ሰውየው «ተሻሽሏል» ብሎ ይቆያል። ሽታ ስለጠፋ ብቻ ማንም ወደ ጉድጓድ አይመለስ።

ሀ. መለኪያውን ከመጣያው ውጭ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ንጹሕ አየር ላይ አብሩት። ዜሮ የሚደረገው እዚያ ነው። መጣያው ላይ ሆናችሁ ዜሮ ካደረጋችሁት የተበከለውን አየር «ንጹሕ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነግራችሁ ሁሉ ውሸት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ መለኪያ ደጋ ላይ ኦክስጅንን አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። የምትሠሩበት ከፍታ ላይ ይስተካከል።

ለ. መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማዎቹን አንብቡ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። የተለመደው የተቀጣጣይ ጋዝ መለኪያ ለመሥራት ራሱ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን በጣም ባነሰበት ቦታ ጋዙ ሞልቶ እያለ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል።

ሐ. ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኹት 19.5 ላይ ሲደርስ ነው። እኔ ግን 20.5 ላይ ሰው አስወጣለሁ። ምክንያቱም ባለ አራት ጋዝ መለኪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይለካም፣ ቆየት ባለ መጣያ ደግሞ የሚበዛው እሱ ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን በ1 በመቶ ቀነሰ ማለት ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ሌላ ጋዝ ቦታውን ወስዷል ማለት ነው። ያ ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ መለኪያው ገና ሳይጮህ ሰው ሊወድቅ ይችላል።

መ. ሚቴን የሚፈነዳው ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ነው። መለኪያው ላይ የምታዩት ቁጥር ግን የአየሩ በመቶ አይደለም፤ ወደ መፈንጃው መጠን ምን ያህል እንደተቃረባችሁ ነው። 100 ሲል አየሩ ውስጥ 5 በመቶ ሚቴን አለ ማለት ነው። 10 ሲል ደግሞ ግማሽ በመቶ፤ እዚያ ላይ ማሽን ጠፍቶ ሁሉም ይወጣል። «ገና 10 ነው፣ 100 አልሞላም» ብሎ መቀመጥ የለም።

ሠ. ከፍታችሁን እየቀያየራችሁ ለኩ። ሚቴን ከአየር ይቀላል፣ ከጣሪያ ሥር ይሰበሰባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይከብዳሉ፣ ጉድጓድ ግርጌ ይተኛሉ። በቁመታችሁ ልክ ብቻ ለክታችሁ ጎንበስ የሚለውን ሠራተኛ አትልኩ። የመለኪያውን የመሳቢያ ቱቦ አስረዝማችሁ መጀመሪያ ከታች፣ ከዚያ መሃል፣ ከዚያ ከላይ ለኩ። ነፋስ የሌለበት ጠዋት ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሌሊቱን የወጣው ጋዝ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተኝቶ ይጠብቃችኋል።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ኤን95 ማስክ አቧራ ያቆማል እንጂ ጋዝ አያቆምም። ማጣሪያ ያለው የጋዝ ማስክም ቢሆን ኦክስጅን አይሰጥም። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ማንኛውም ማጣሪያ ከንቱ ነው።

5. ቦታውን በሦስት ክፈሉ

በሪባን ክለሉ። አንደኛው የሥራው ቦታ፣ ሁለተኛው ማውለቂያና መታጠቢያ፣ ሦስተኛው ንጹሑ፦ ምሳ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የግል ልብስ። ንጹሑ ክፍል ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይሁን። ከሦስተኛው ወደ አንደኛው ያለ መከላከያ፣ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ሳይታጠቡ ማለፍ ክልክል ነው።

የቡናው ነገር እዚህ ይነሳል። ቡና ይፈላ፤ ግን ከሰሉ ንጹሑ ክፍል ውስጥ፣ ከክምሩና ከማንኛውም ጉድጓድ በደንብ ርቆ። ሲጋራ፣ ክብሪትና ብየዳም እንደዚያው ከሥራው ቦታ ይራቁ።

ጥላ ወይም የዕቃ ቤት ክምሩ ላይ አትሥሩ። ኮንቴይነር የግድ ካስፈለገ መሬቱን እንዳይነካ በብሎኬት ከፍ አድርጉት፣ ሥሩ አየር ይለፍበት። ሚቴን በተዘጋ ክፍል ወለል ሾልኮ ይገባና ማታ መብራት ሲበራ ይፈነዳል።

6. አለባበስ

ቱታ፣ ጫማ፣ ማስክ፣ መነጽር፣ ሄልሜት፣ መጨረሻ ጓንት። የሱሪው ጫፍ ከጫማው ውጭ ይዋል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ፍርስራሹ ወደ እግር ይወርዳል። ማስኩ ፊት ላይ መግጠሙን በሁለት እጅ ሸፍኖ በኃይል በመተንፈስ ይሞከራል። በጎን አየር ካመለጠ አልገጠመም። ፂም ያለው ሠራተኛ ማስኩ አይገጥምለትም፤ ወይ ይላጭ፣ ወይ አቧራ የሌለበት ሥራ ይሰጠው።

7. የጠዋቱ አሥር ደቂቃ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ማሽን ሳይነሳ፣ ሁሉም ቆሞ ይስማ። የዛሬው ጋዝ ልኬት፣ የችካሉ ርቀት፣ ማን የት እንደሚሠራ፣ የመውጫው መንገድ። የፊሽካው ምልክት አንድ ይሁን፦ ረዥም ፊሽካ ማለት ዕቃ ጥሎ መውጣት ነው። የስልክ ቁጥሮቹ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ነው። የአቅራቢያውን ጤና ጣቢያም ስሙንና መንገዱን ጻፉት።

እግረ መንገዴን፦ ሠራተኛውን በቢያጆ፣ ማለትም በምልልስ ቁጥር፣ አትክፈሉ። በቢያጆ የሚከፈለው ሰው ማስኩን ለማስተካከል አይቆምም፣ መርፌ ሲያይም አይናገርም። በቀን ክፈሉት።

8. ከላይ ወደ ታች አንሱ

ቆሻሻው ከላይ እየተነሳ፣ ደረጃ በደረጃ እየተሠራ ይውረድ። ከግርጌ መቦርቦር የክምሩን ድጋፍ መንሳት ነው፤ ላዩ በሰከንድ ይወርዳል። «ከታች ይቀላል፣ ሲኖትራኩም ይጠጋል» ለሚል ካቦ መልሱ እምቢ ነው።

በእስካቫተሩ መዞሪያ ክልል ውስጥ እግረኛ አይቁም። አንድ ሰው ብቻ ምልክት ሰጪ ይሁን፤ ኦፕሬተሩ ካላየው ማሽኑን ያቁም። ባልዲው ሥር ብረት ፍለጋ የሚሮጡ ልጆችና ለቃሚዎች ይመጣሉ፣ ይህ የታወቀ ነው። በዱላ ከማባረር ይልቅ ብረቱና ፕላስቲኩ ከክልሉ ውጭ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ላይ እንደሚሰጣቸው ተስማሙ። አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይርቃሉ።

አቧራ ከተነሳ ውኃ በስሱ እርጩ። በቧንቧ አታጥለቅልቁ፤ ክምሩን ታከብዱታላችሁ።

9. ጉድጓድ ውስጥ መግባት

ከሁሉ የሚሻለው አለመግባት ነው። ማሽን ሊያወጣው የሚችለውን ነገር ሰው ገብቶ አያውጣ። የግድ ከሆነ፦

- ጥልቀቱ ከ1.2 ሜትር ከበለጠ ሳይለካ አይገባም። ከገባ በኋላም መለኪያው ደረቱ ላይ እንደበራ ይቆያል።
- መሰላል ከሠራተኛው ከ7.5 ሜትር ባልራቀ ቦታ ይተከል።
- የወጣው ቆሻሻ ከአፋፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።
- ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይቆፈር። ቆሻሻ እንደ አፈር አይያያዝም። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጥልቀት ወደ ጎን ቢያንስ 1.5 ሜትር አጋድሙት።
- የውኃ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ከአፋፉ አጠገብ አይነሳ። ጭሱ ወደ ጉድጓዱ ሊገባ ይችላል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድም አይሸትም።
- የሚገባው ሰው ቀበቶና ገመድ ታስሮ ይግባ። ገመዱን የያዘው ሰው ሌላ ሥራ የለውም።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ከወደቀ ማንም ተከትሎ አይግባ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ሊያድን የገባው ነው። «ወንድሜ ሲወድቅ እያየሁ እንዴት እቆማለሁ?» ይሉኛል፤ ልክ ነው፣ ማንም አይቆምም። ገመዱ አስቀድሞ የሚታሰረው ለዚህ ነው። ከላይ ሆናችሁ ጎትቱ፣ 939 ደውሉ።

10. መርፌ፣ ስለትና የማይታወቅ ዕቃ

ማዳበሪያ በእጅ አይታቀፍ፣ በእግርም አይረገጥ። ከሰውነት ራቅ ተደርጎ ከአፉ ይያዝ። መርፌ የሚነሳው በመቆንጠጫ ነው፤ ክዳኑ ተመልሶ አይገጠምም። ሴፍቲ ቦክሱ ከዕቃው ጋር ወደ ቦታው ይሄዳል እንጂ መርፌው ወደ ሣጥኑ በእጅ አይመላለስም። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል።

መርፌ የወጋው ሰው፦

ሀ. ጓንቱን አውልቆ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ይታጠብ።
ለ. ቁስሉን አይጭመቅ፣ አይምጠጥ፣ በረኪና አያፍስበት። መጭመቅና በረኪና ሥጋውን ይጎዳሉ እንጂ ቫይረሱን አያወጡም።
ሐ. ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው ፔፕ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት። ለ28 ቀን ይወሰዳል። «ማታ ሥራ ስንጨርስ» የሚባል ነገር የለም።
መ. ሰዓቱና ቦታው ደብተር ላይ ይጻፍ።

የመጣያ ውሾች ከነከሱ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሄድ ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው አይቻልም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ያለው ግራጫ የሲሚንቶ ጣሪያ ክዳን ካገኛችሁ አስቤስቶስ ነው ብላችሁ ያዙት። አትስበሩት፣ አትጥረጉት። በውኃ አርሱት፣ በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ ለብቻው አስቀምጡት። የታሸገ በርሜል፣ የፀረ ተባይ ዕቃ ወይም የጋዝ ሲሊንደር ከወጣ ማሽኑ ይቁም፤ ማንም አይክፈተው፣ አያሽትተው። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ብረት ከሆነ ሰው አርቁ፣ 991 ደውሉ።

11. ጭስ ከመሬት ሲወጣ

ሣር አንድ ቦታ ብቻ ደርቆ፣ መሬቱ ሞቆ፣ ጠዋት እንፋሎት እየወጣ ካያችሁ ከሥር እሳት ሊኖር ይችላል። ሰው በላዩ አይሂድ፤ ከሥር ተቃጥሎ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ይከዳል። የመጀመሪያው ፍላጎት ቆፍሮ ውኃ መድፋት ነው። አታድርጉት። መቆፈር ለእሳቱ አየር መስጠት ነው። ያንን አንድ ሲኖትራክ አፈር በማሽን፣ ከጠንካራው መሬት ጀምራችሁ አልብሱት፣ ጠቅጥቁት። ከዚያ 939 ደውሉ።

12. የማታው መታጠቢያ

ቅደም ተከተሉ፦ ጫማውን በውኃና በብሩሽ፣ የውጪ ጓንት፣ ቱታ (ወደ ውጭ እየተገለበጠ)፣ መነጽር፣ ማስክ፣ የውስጥ ጓንት። ማስክ ወደ መጨረሻ የሚወልቀው ቱታው ሲራገፍ አቧራ ስለሚያስነሳ ነው። ከዚያ እጅ፣ ፊት፣ አንገት በሳሙና። ከዚህ በፊት ምግብ፣ ሲጋራ፣ ጫት፣ ስልክም የለም።

ቱታ ወደ ቤት አይሄድም። ቤት የሚታጠብ ከሆነ ከልጆች ልብስ ጋር ይገባል። ማኅበሩ አንድ ላይ ያሳጥበው።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- ጠዋት አንዴ ለክቶ ቀኑን ሙሉ ማመን። ባልዲው አዲስ ቦታ በከፈተ ቁጥር አየሩ ይቀየራል። ከምሳ በኋላም፣ አዲስ ቦታ ሲከፈትም ለኩ።
- የጮኸ መለኪያን «ተበላሽቷል» ብሎ ማጥፋት። ተበላሸ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ውጡ፣ ንጹሕ አየር ላይ ፈትሹት።
- በቀጭን የላስቲክ ጓንት ብቻ መሥራት። እጅ ያላብሳል፣ መርፌ ግን አያቆምም።
- ጥቁሩን ፈሳሽ ወደ ወንዝ መቅደድ። ከታች ልብስ የሚያጥብና ጎመን የሚያጠጣ ሰው አለ። ዙሪያውን ቦይ ቆፍራችሁ የዝናቡን ውኃ ለብቻው አሳልፉ፤ ከክምሩ የሚወጣውን ለብቻው ያዙ።
- ክምሩን ሸፍኖ ጎረቤትን መርሳት። ላዩ በጭቃ ወይም በአዲስ አፈር ሲደፈን ጋዙ በጎን መውጫ ይፈልጋል። አጠገቡ ያለውን ቤት ወለል፣ የስልክና የመብራት ጉድጓድም ለኩ።
- የማታ ጥበቃውን አለማስተማር። ቀን የተባለውን ሁሉ ያልሰማው እሱ ነው። ማታ ብርድ ሲሆን የፕላስቲክ ዳሱን ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ክምሩ ጥግ ይተኛል። ዳሱን ንጹሑ ክፍል ላይ ሥሩለት፣ ብርድ ልብስ ስጡት፣ ከሰሉን ውሰዱበት፣ የ939ን ቁጥር ስልኩ ላይ አስገቡለት።